መሻገሪያውን አውቃለሁ ያለው ጀግና

ከጌታችን ልደት በፊት ስድስት መቶ ዓመት ግድም፥ የወይኑ ለቀማ አልቆ እግሩ በጭማቂ ያልቀላ ሰው በአንድሮስ ደሴት ተፈልጎ በማይገኝበት ሰሞን፥ የደሴቲቱ ባላባት ዴማርኮስ ሞተ፤ በዚያ ሳምንት የሰሜኑ ነፋስ ብሶበት ነበርና፥ አስከሬኑ የተቃጠለበት የእንጨት ክምር ከማለዳ እስከ ቀትር ነድዶ ሲያበቃ፥ አመዱ ባሕር ተሻግሮ ማዶ ባለችው ደሴት የተሰጣ ልብስ አቆሸሸ ተብሎ ተወራ። ይህን ያወራው አዝማሪው ሚኮን ነው፤ ሚኮን ካወራው ግማሹን ጥሎ ግማሹን ማመን ደግሞ ለደሴቲቱ ሰው ልማድ ነበር።

ሚኮን በዚያን ጊዜ ስልሳ ዓመት አልፎታል። ትምህርቱ ግማሽ ነው፤ የዜማ መምህሩ ያስጀመሩትን ሳያስጨርሱ ሞቱበት፤ እርሱ ግን «የቀረውን በሕልሜ እየመጡ አስተማሩኝ» እያለ፥ የማያውቀውን ሁሉ ከራሱ እየፈጠረ፥ አርባ ዓመት ሙሉ ከባላባት ቤት ባላባት ቤት ሲዘፍን ኖረ። የክራሩ ጅማት ከመቅደስ ቅጠል በልታ ትንቢት ስትናገር ከነበረች ፍየል አንጀት የተሠራ ነው ይል ነበር። የግብፅ ንጉሥ ውሻ ስሙ ማን ነው ብትለው የውሻውን ብቻ ሳይሆን የእናቱንም ስም ይነግርሃል። «አላውቅም» የምትባለው ቃል ግን ከተወለደ ጀምሮ ከአፉ ወጥታ አታውቅም።

የማይዋሸው እግሩ ብቻ ነበር፤ ቁርጭምጭሚቱ አብጦ፥ በመጨረሻው ጉዞው መርከበኞቹ እንደ ወይን ስልቻ ተሸክመው ነው ያወረዱት። «ሁለተኛ አንጭንህም» ብለውታል። ስለዚህ የዴማርኮስን ሞት በሰማ ጊዜ፥ አማልክት ይቅር ይበሉትና፥ ከማዘኑ በፊት ደስ አለው፤ በዚያ ቤት ባላባት ሲሞት ለመታሰቢያው ሯጭ፥ ታጋይና አዝማሪ ይጋጠማልና፥ ያሸነፈ አዝማሪም ከዚያ ቤት ላይወጣ ይችላልና።

የሟቹ የበኩር ልጅ ኤውክራቴስ አዳራሹ ውስጥ ጠራው። ጠጉሩን ለሐዘን ተላጭቶ፥ ገና አልጋ ወራሽነቱ ያልተመቸው የአርባ ዓመት ሰው ነበር።

«ሚኮን፥ ዕድሜህ ስንት ደረሰ?»

«እንደ ጠያቂው ነው ጌታዬ። ለሴት አርባ አምስት፥ ለመርከበኛ ሰማንያ።»

«ለእኔስ?»

«ለእርስዎ እግሬን አሳያለሁ።»

ኤውክራቴስ እግሩን አይቶ ፊቱን መለሰ። «ከበሩ በስተ ግራ ያለችውን ቤት አይተሃታል?»

«ምድጃ ያላት?»

«አዎ። የአንተ ትሁን። በየቀኑ ገብስ፥ ወይንና አይብ፤ በዓል ሲሆን ከበሬው የጀርባ ሥጋ። እስክትሞት ድረስ። የቅድመ አያታችንን የክሊቶላዎስን ታሪክ ነገ ትዘፍናለህ፤ መሻገሪያውን ግን ትተወዋለህ።»

ሚኮን ያበጠ ቁርጭምጭሚቱን አሸት አሸት አደረገ።

የክሊቶላዎስ ታሪክ እንዲህ ነው። ከአራት ትውልድ በፊት ስልሳ የአንድሮስ ሰዎች ይዞ ወደ ትራቄ አገር ዘመተ፤ የትራቄ ፈረሰኞች እያሳደዱት አንድ ጥቁር ወንዝ ዳር ደረሰ። አንድ የአገሩ ፍየል ጠባቂ «መሻገሪያው እዚህ አይደለም፥ ላሳይህ» ቢለው፥ ክሊቶላዎስ በሰዎቹ ፊት መንገድ መጠየቅን እንደ ውርደት ቆጥሮ «አውቃለሁ» አለና ዘሎ ገባ፤ ተከትለውት ከገቡት አሥራ ሰባቱን ውሃ ወሰዳቸው። እርሱ ከውሃው ወጥቶ፥ የቀሩት አርባ ሦስቱ ላይኛውን መሻገሪያ ፈልገው እስኪያልፉ፥ ጠባቡን የወንዝ ዳር መንገድ ብቻውን ይዞ ከጥዋት እስከ ጀምበር መግቢያ ፈረሰኞቹን ሲመክት ውሎ እዚያው ወደቀ።

«ወንዙ በአምላክ ቁጣ በድንገት ሞላ በል፤» አለ ኤውክራቴስ። «የአባቴ አመድ ሳይበርድ መረብ ጎታች ሁሉ የቅድመ አያታችንን ነውር ቆሞ እንዲሰማ አልፈልግም። ቅድመ አያታችን ጀግና ነው ወይስ አይደለም?»

«ነው እንጂ።»

«ታዲያ ጀግና መንገድ ይጠፋዋል?»

«የለም የለም። ጌታዬ፥ ወንዙ እንዲሞላ ነው የሚፈልጉት? እስከ ከዋክብት አስሞላዋለሁ። ዓሣው ከጨረቃ ጋር ይጋጫል።»

«እስከ አንገት ይበቃል፤» አለ ኤውክራቴስ ሳይስቅ። «ደግሞም አንተ አታስሞላውም። ወንዙን ወጣቱ አዝማሪ ኤራስቶስ ይዘፍነዋል፤ አንተ የዘፋኙን በትር ከእርሱ ተቀብለህ የወንዝ ዳሩን ውጊያ ትዘፍናለህ። ሰው ምላስህን ያውቀዋል፥ እኔም አውቀዋለሁ።»

ይህ ብልህ ሰው የሚያስበው ነገር ነበር። በአንድሮስ ሥርዓት ሁለት አዝማሪ አንድን ታሪክ ተካፍለው ሲዘፍኑ፥ በትሩን የተቀበለ ሰው የፊተኛው ካቆመበት ይቀጥላል እንጂ ወደ ኋላ አይመለስም፤ የተመለሰ እንደሆነ በትሩ ከእጁ ይወሰዳል፥ ከዚያም በኋላ በዚያች ደሴት አይዘፍንም።

«ይሁን፤» አለ ሚኮን። ከአዳራሹ ሲወጣ በግራ በኩል ወዳለችው ቤት አንገቱን አስገብቶ ምድጃውን አየው። ጥሩ ምድጃ ነበር።

በማግስቱ ረፋድ ላይ የባሕር ዳር ሰዎች ከወደቡ ወደ መቃብሩ ጉብታ ወጡ። ሁሉም የቻለውን ያህል ታጥቧል፤ ግን የዓሣ ሽታ በመታጠብ አይለቅምና መኳንንቱ ነፋሱ ሽታውን ወደማያመጣበት በኩል ተቀመጡ። ከፊት ከፊት የምትመጣው ኒካሬታ የምትባል፥ ዓሣ በጨው ስታሽ ጣቷ እንደ ቅርፊት የደረቀ፥ ከሰባ ዓመት ያላነሰች ባልቴት ነበረች። ሚኮንን ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ክራሩን ሲቃኝ አየችው።

«ውሸታሙ አዝማሪ መጣ!»

«ውሸታም አትበይኝ እናቴ። በላይኛው አገር ‹እውነትን የሚያሳምር› ነው የሚሉኝ።»

«የእኔ ባልም የገማ ዓሣ ሲሸጥ እንዲሁ ይል ነበር።» አጠገቡ ተቀመጠች፤ ጉልበቷ እንደ በር ማጠፊያ ጮኸ። «ሠላሳ ዓመት ጠበቅሁ፥ ታውቃለህ? ዴማርኮስ መሞት እምቢ ብሎ።»

«ሰው ሰማሽ እኮ!»

«ይስማኛ። ያ ዜማ የሚዘፈነው ከዚያ ቤት ባላባት ሲሞት ነው። ከክሊቶላዎስ ጋር ውሃ የወሰደው ፓምፊስ የአባቴ አያት ነው፤ መቃብር የለው፥ ድንጋይ የለው፥ ሥጋው ትራቄ አሸዋ ውስጥ ቀረ። ስሙ ያለው በዚያ ዜማ ውስጥ ብቻ ነው። የእነዚህም ሁሉ፤» ብላ በአገጭዋ ወደ ባሕር ዳር ሰዎች ጠቆመች። «አሥራ ሰባቱም የእኛ ናቸው። ባላባት እስኪሞት የምንጠብቀው ለድግሱ ሥጋ መሰለህ?»

«ለሥጋውም ቢሆን አላዝንብሽም።»

«ለሥጋውም ነው፤» አለችና ጥርስ በሌለው አፏ ሳቀች፤ ወዲያው ግን ሳቋ ጠፋ። «የሚቀጥለው ሲሞት እኔ የለሁም። ፓምፊስን ትጠራዋለህ አይደል?»

«ምን ነካሽ! ምላሴ ላይ ነው ያደረው።»

እንዲህ ያለ ውሸት ለሚኮን እንደ መተንፈስ ነበር፤ ይችኛዋ ግን እንደ ዓሣ አጥንት ጉሮሮው ላይ ተጋደመች፤ ሁለት ጊዜ ውሃ ጠጣባት፥ አልወረደችም።

ሯጮቹ ሮጡ፥ ታጋዮቹ ታገሉ፤ አንዱ ታጋይ ጆሮው ተገንጥሎ በአቧራ ውስጥ ሲፈልገው ዋለ፤ ይህም ሚኮን ያወራው ነው። ከዚያም ለአሸናፊ አዝማሪ የሚሰጠው ባለ ሦስት እግር የነሐስ ድስት በጉብታው ላይ ቆመና ኤራስቶስ በትሩን ይዞ ተነሣ። መልከ መልካም፥ የልብሱ ዘርፍ ሐምራዊ፥ ድምፁ እንደ ማር የሚፈስ ወጣት ነበር። ወንዙን ዘፈነው፤ ሰማዩ ጠቆረ፥ የወንዙ አምላክ በቅናት ተነሣ፥ ማዕበሉ እንደ ተራራ መጣ፥ «ብዙ ጀግኖችም» ሰመጡ፤ ስም አልነበረም። መኳንንቱ ራሳቸውን ነቀነቁ። የባሕር ዳር ሰዎች መጀመሪያ እርስ በርስ ተያዩ፤ ኋላም መሬት መሬት ያዩ ጀመር። ከመካከላቸው አንድ ሽማግሌ ተነሥቶ ወደ ወደቡ ቁልቁል ሄደ።

ኤራስቶስ በትሩን ለሚኮን ሲያቀብል ጆሮው ሥር «አያ ሚኮን፥ ውሃውን ሞላሁልህ፤ አደራህን እንዳትሰምጥ» አለው።

ሚኮን ልቡ ቀለለው። እነሆ ስሞቹን የቀበረው እርሱ አይደለም፤ ወደ ኋላ መመለስም ክልክል ነው፤ ሊወቀስ አይችልም፤ ምድጃው የእርሱ ነው። ክራሩን መታ፤ ክሊቶላዎስ በጠባቡ መንገድ ቆመ፤ የመጀመሪያው ፈረሰኛ መጣ፥ ወደቀ፤ ሁለተኛው መጣ፥ ወደቀ፤ ሦስተኛውን ከነፈረሱ አንሥቶ ወንዝ ውስጥ ወረወረው፤ ይህ የሚኮን ተጨማሪ ነው፥ ሌላ ጊዜ ሰው ያስጮህ ነበር።

ማንም አልጮኸም። አንዱ መኰንን በለስ መላጥ ጀመረ። አንዱ ሳል ይዞት ነበር፤ ሳሉን ለመዋጥ እንኳ አልሞከረም።

ዜማው በእጁ ውስጥ እንዳረጀ ገመድ እየሳሳ ሲሄድ አርባ ዓመት የዘፈነ ሰው ያውቀዋል። ሚኮን እየዘፈነ ያስብ ጀመር፦ ይህ ሰውዬ ለምን ቆመ? ወንዙን የሞላው አምላክ ከሆነ፥ እርሱ ምን በደለና ነው አርባ ሦስት ሰው አሳልፎ እርሱ የሚቀረው? ከሌሎቹ ጋር ሮጦ ቢያመልጥ ማን ይወቅሰዋል? መምህሩ በሕይወት ሳሉ፥ በሕልም ሳይሆን በእውን፥ አንድ ጊዜ የነገሩት ነገር ትዝ አለው፦ የጀግናን ጉድለት ከታሪኩ ብትነቅል፥ ጉድለቱ ብቻውን አይነቀልም፤ እንደ አረም ከስንዴው ሥር ጋር ተጠላልፎ ነው የሚበቅለው። ክሊቶላዎስን ያቆመው ጉልበት አልነበረም። ያቆመው ያች «አውቃለሁ» ናት። ቀና ብሎ ወደ ቤቱ መመለስ ያቃተው፥ ከእንግዲህ በአሥራ ሰባት እናቶች ፊት ማለፍ ስለማይችል ነው።

ይህን ደግሞ ሚኮን ከመምህሩ አልተማረውም፤ «አላውቅም» ሳይል ስልሳ ዓመት የኖረ ሰው ከራሱ ያውቀዋል።

ወደ ኋላ መመለስ ክልክል ነው። ነገር ግን በጀግና ታሪክ ውስጥ ጀግናው ብቻውን ሲቀር ከገዛ ልቡ ጋር መነጋገሩ የቆየ ልማድ ነውና፥ ይህን ማንም ሊከለክል አይችልም። ሚኮን የክራሩን ምት አዘገየው። ፈረሰኞቹን ለትንፋሽ ወደ ኋላ መለሳቸው፤ ክሊቶላዎስንም ጦሩን ተደግፎ ወደ ውሃው እንዲዞር አደረገው፤ እንዲህም አስባለው፦

«ወንዙ አልበደለም፥ አምላክም አልከፋ፤
አውቃለሁ ባልኩት ነው ይህ ሁሉ ሰው የጠፋ።»

በለሱን የሚልጠው መኰንን እጁ ቆመ። ኤውክራቴስ ከመቀመጫው ላይ ፈጽሞ አልተንቀሳቀሰም፤ ጆሮው ብቻ ቀላ።

ክሊቶላዎስም በዜማው ውስጥ ወደ ውሃው እየተጣራ ስሞቹን ጀመረ። ድሮሞንን መረብ ጣዩን ጠራ፤ መንትዮቹን አርኪፖስንና ሉሲፖስን ጠራ፤ ደፍጣጣ አፍንጫውን ሲሞስን ጠራ፤ ሶሲስን ጠራ። በእያንዳንዱ ስም መጠራት ከባሕር ዳር ሰዎች መካከል አንድ ቤተ ሰብ ብድግ ይላል፤ ማንም ተነሡ አላላቸውም፤ እንዲሁ ይነሡ ነበር። ወደ ወደቡ ቁልቁል የሄደው ሽማግሌ እየሮጠ ተመለሰ፤ በዚያ ዕድሜ ሰው ይሮጣል ብሎ ያመነ አልነበረም።

ሚኮን አሥራ ስድስት ስም ጠራ፤ አሥራ ሰባተኛው ጠፋው።

አዝማሪ ስም የሚይዘው በአንገት ክር ላይ እንደ ተሰካ ዛጎል ነው፤ በክሩ ተራ ሲጎትቱት ሁሉም ይመጣል፥ ከመካከል ሲጀምሩት ግን አንዱ ይበተናል። ሚኮን ስሞቹን ምንጊዜም ከመሻገሪያው ጋር ነበር የሚያውቃቸው፤ ከወንዝ ዳሩ ጀምሮ ጠርቷቸው አያውቅም። ጣቱ በባዶው ጅማቱን እየመታ ፈለገ። ምንም የለም። በአርባ ዓመት ልማዱም መሠረት አንድ የተፈጠረ ስም፥ ያማረ፥ ከስንኙ ጋር ልክ የሚገጥም፥ ከምላሱ ጫፍ ላይ ደርሶ ቆመ። ቢጠራው ከኒካሬታ በቀር ማንም አያውቅበትም።

ወደ ባሕር ዳር ሰዎች አየ። ሁሉም ቆመዋል። ተቀምጣ የቀረችው እርስዋ ብቻ ናት፤ እጇን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ለመነሣት ተዘጋጅታ ትጠብቃለች።

የተፈጠረውን ስም ዋጠው። ድምፁ ተሰብሮ፥ እርሱ ይሁን ክሊቶላዎስ ይሁን በማይለይ ዜማ እንዲህ አለ፦

«የአሥራ ሰባተኛው ስሙ ጠፋኝ ከአፌ፤
የምታውቁ ንገሩኝ፥ ልጠይቅ ተሸንፌ።»

«ፓምፊስ!» አለች ኒካሬታ፤ ተነሣች። «የሄርሞን ልጅ፥ ግራኙ ፓምፊስ! መዋኘት የማይችለው፥ ሞኙ፥ የእኛው ፓምፊስ!»

ሚኮን ተቀብሎ ዘፈነው። «ፓምፊስ የሄርሞን ልጅ፥ ግራኙ» ከስንኙ ጋር አልገጠመም፤ ዜማው አንድ እግሩ እንዳጠረ ወንበር ተንገዳገደ፤ እርሱም አላቃናውም። ከዚያ ክሊቶላዎስን ወደ ፈረሰኞቹ መለሰው፥ ጀምበርም እስክትገባ አዋጋው፥ ጣለውም። ሲጨርስ ያጨበጨበ የለም። የባሕር ዳር ሰዎች እጃቸውን ራሳቸው ላይ ጭነው ቆመው ቀሩ፤ አንዳንድ መኰንንም እንዲሁ።

ድስቱ ለኤራስቶስ ተሰጠ።

ሕዝቡ ወደ ሥጋው ሲሄድ ኤውክራቴስ ሚኮንን ለብቻው አቆመው።

«ጌታዬ፥ ወደ ኋላ አልተመለስኩም፤ ሥርዓት አልጣስኩም።»

«ሥርዓት አልጣስክም፤» አለ ኤውክራቴስ። «ቤቱን ግን አታገኘውም። ሰው ቃሌን ባፈረሰ ቁጥር ቤት ከሰጠሁ ቤት አይተርፈኝም።»

«እውነት ነው።»

«አንድ ነገር ንገረኝ። ስሙ በእውነት ጠፍቶህ ነው? ወይስ ያችን አሮጊት ለማስጮህ የሸረብከው ተንኮል ነው? ሰዎቼ ሁሉ ተንኮል ነው፥ እንዲህ ያለ ብልሃት አይተን አናውቅም እያሉ ናቸው።»

ብልሃት ነው ቢል በሦስት ደሴቶች ስሙ ይጠራል፤ ሚኮን ይህን ያውቃል።

«ጠፍቶኝ ነው ጌታዬ። አላውቀውም ነበር።»

ኤውክራቴስ የተላጨ ራሱን በእጁ ዳበሰ። «አባቴ ያን የመሻገሪያ ክፍል ብቻውን ሲሆን ያንጎራጉረው ነበር፤» አለ ቀስ ብሎ። «ሁልጊዜም ያበሳጨኝ ነበር፤ ከታሪኩ ሁሉ ያን ለምን ይወድዳል እያልኩ።» ከዚያም «ሥጋህን ብላና ሂድ» ብሎ ወደ አዳራሹ ገባ። በኋላ ግን የዚያ ቤት ባላባት በሞተ ቁጥር መሻገሪያው ይዘፈን ዘንድ የከለከለ አልተገኘም።

ባሕሩ ለክረምት ተዘግቶ ነበርና ሚኮን የሚሄድበት አልነበረውም። ኒካሬታ ጀልባ በሚጠገንበት ዳስ ውስጥ አስቀመጠችው፤ ሽታው ስንት የተራበ ድመት ከግብፅ እንደሚጠራ እየተናገረ፥ የዳሱን ጣራ ነፋስ ወስዶት በሁለተኛው ቀን ከነወፎቹ እንደመለሰው እየማለ ኖረ፤ ሁለተኛው ጸደይ ሳይገባ ሞተ። ለመታሰቢያው የሮጠም የታገለም የለም። ስሙን በድንጋይ የጻፈ የለም፤ በወደቡ የሚጽፍ ሰው አልነበረም።

ታሪክ ከዚህ ሁሉ ምን አስቀረ ቢሉ፥ መልሱ አጭር ነው። የኤራስቶስ የሞላ ወንዝ ከደሴት ደሴት ተሻግሮ በየአዳራሹ ተወደሰ፤ ማንንም የማያሳፍር ነበርና ለሁሉ ተስማማ፤ ለሁሉ የተስማማው ነገርም እንደሚሆነው ሁሉ አንድ ትውልድ ቆይቶ ማንም ሳያስተውለው ጠፋ። የሚኮን ዜማ ከነመንገዳገዱ በአንድሮስ ሦስት ትውልድ ቆየ፤ የዚያ ቤት ዘር ሲያልቅ የሚሞት ባላባት ጠፋ፥ ከባላባቱም ጋር ዜማው ጠፋ፤ ክሊቶላዎስ የሚባል ሰው እንደነበረ የሚያውቅ አንድ ሰው እንኳ አልቀረም፥ መልካሙም ክፉውም አብሮ ሄደ። ነገር ግን በዚያ ቀን በጉብታው ላይ ቆመው የሰሙ የባሕር ዳር እናቶች፥ በቀጣዩ ዓመት የወለዷቸውን ልጆች ሲሰይሙ አያቶችን ሁሉ አልፈው ወደ አሥራ ሰባቱ ተመለሱ፤ እነዚያም ልጆች የልጅ ልጆቻቸውን እንዲሁ ሰየሙ። የጻፈው የለም፥ የዘፈነው የለም፤ ግን ብዙ ዘመን ቆይቶ እንኳ በአንድሮስ ወደብ አንዲት ሴት ከደጅዋ ቆማ «ፓምፊስ! ምሳህ ቀዘቀዘ!» ብላ ስትጮህ፥ መረቡን በግራ እጁ የሚጠቀልል አንድ ሰው ዘወር ብሎ «መጣሁ» ይላት ነበር።